የእሁድ ውኃ

ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ።

ድምፁ የመጣው ከውስጥ ነው። አሥራት የጎሚስታ ቤቱን ተጠቅላይ በር ሊከፍት እንዳጎነበሰ ቀረ። ሰኞ ማለዳ ነው። የፌርፋክስ ጎዳና ገና አልነቃም፤ ከውቅያኖሱ በኩል የመጣው ጭጋግ የምግብ ቤቶቹን ታፔላዎች እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ቅዳሜ በገዛ እጁ የቆለፈው በር እንደተቆለፈ ነው። ከበሩ ጀርባ ግን ኮምፕሬሰሩ ይሠራል። እግሩ ሥር ያለው ሲሚንቶ ሳይቀር ይርገበገብ ነበር።

ኮምፕሬሰር በገዛ ፈቃዱ አይነሳም። ታንኩ ሲሞላ ይጠፋል፤ ከታንኩ አየር ሲቀነስ ደግሞ ይነሳል። ሰኞ ማለዳ ሥራ ከመግባታቸው በፊት ጎማ የሚያስነፉ ሹፌሮች ስለሚበዙ፣ አሥራት ቅዳሜ ቅዳሜ ታንኩን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ማብሪያውን ሳያጠፋ ነበር የሚሄደው። የሞላ ታንክ ማንም ካልነካው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዛሬ ግን አልተቀመጠም። ስለዚህ የነካው ሰው አለ።

በሩን ወደ ላይ ሲያንጓጓው ሞተሩ እንደ ደነገጠ ሰው ቀጥ አለ። አሥራት ውስጥ ገብቶ መብራት አበራ። ማንም የለም። ሽንት ቤቱን ከፍቶ አየ። የጓሮውን በር ነቀነቀ፤ ተቆልፏል። የጎማ ብሎን የሚፈታበት የአየር መፍቻው ቦታው ላይ ተጋድሟል፣ ቱቦው ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። የጠፋ ነገር የለም። ምንም ነገር አለመጥፋቱ ይበልጥ ከነከነው።

መጀመሪያ ያደረገው ማንኛውም ባለሙያ የሚያደርገውን ነው፤ አየር የሚያፈስ ቦታ ይኖር እንደሆነ መፈለግ። ሌላ ጎሚስታ ቢሆን ስፖንጁን ሳሙና ነክሮ መጋጠሚያዎቹን እየቀባ አረፋ ይጠብቅ ነበር። አሥራት እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሲያይ ይስቃል። "ጆሮ የሌለው ነው ሳሙና የሚፈልገው" ይላል። እሱ ከመርካቶ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አየርን ያወቀው በጆሮው ነው። ተንበርክኮ፣ የሚያመውን ጉልበቱን እየረገመ፣ ጆሮውን ከታንኩ ጀምሮ እስከ ቱቦው ጫፍ አስጠግቶ ሰማ። ጭጭ ነው። የሚያፈስ ነገር የለም።

ከዚያ የታንኩን ውኃ ማፍሰሻ ከፈተ። አየር ታምቆ ታንክ ውስጥ ሲገባ ላቡን ያንጠባጥባል፤ ብዙ የሠራ ኮምፕሬሰር ብዙ ውኃ ያጠራቅማል፤ ካልተደፋ ደግሞ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። አሥራት ከታንኩ ሥር ሁልጊዜ የሚደቅናት አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ አለች። የስንት መኪና ሥራ ስንት ውኃ እንደሚያወጣ ቆርቆሮዋን አይቶ ይናገራል። ቅዳሜ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አድርቆት ነበር። አሁን ዝገት የመሰለ ቀይ ውኃ እየተንፎለፎለ ወጥቶ ቆርቆሮዋን ከግማሽ በላይ ሞላት።

"የሙሉ ቀን ሥራ ነው" አለ ለራሱ።

ቅዳሜና ሰኞ መሀል ያለችው እሁድ ብቻ ናት። የሾፑ ቁልፍ ደግሞ ሁለት ሰው ጋ ነው ያለው። አንደኛው እሱ ጋ፣ ሁለተኛው አምሃ ጋ።

አምሃ ሦስት ዓመት አብሮት የሠራ፣ በዲቪ የመጣ፣ ክሬንሾው አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ቁጥብ ነው። ትልቅ ሰው ፊት እግሩን አያነባብርም፤ ትልቅ ሰው ሲሳሳት ደግሞ አላየሁም ብሎ ዞር ይላል። እጁ ወርቅ ነው። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋው፣ ውኃውን የሚያፈሰው፣ መሣሪያዎቹን ዘይት የሚያጠጣው እሱ ነው። ቅዳሜ ብቻ ግማሽ ቀን ሠርቶ ስለሚሄድ ያን ቀን አሥራት ራሱ ይዘጋል።

የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንድ ወረቀት ነበር። አሥራት በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ቶራንስ ሆስፒታል ሄዶ የጉልበት ሰርጀሪ ያደርጋል፤ ሁለት ወር ሥራ የለም። ላንድሎርዱ ደግሞ ሾፑ ከሠላሳ ቀን በላይ ተዘግቶ ከቆየ ለሌላ ሰው እንደሚያከራየው ቁርጡን ነግሮታል። ካልተዘጋ ግን፣ የሚተካው ሰው ስም ተጽፎ ከተፈረመ፣ ሊዙ እንዳለ ይቀጥላል። የመፈረሚያው ቀን የነገ ሳምንት፣ ማክሰኞ ነው። አሥራት ክፍቱ መስመር ላይ የአምሃን ስም በእርሳስ ጽፎታል፤ በእስክሪብቶ ሊያደምቀው የቀረው ትንሽ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የለፋበትን ቤት ለሰው ማስረከብ ማለት ነው። የሚያስረክበው ሰው እሁድ እሁድ በድብቅ የሚሠራ ከሆነ፣ ከሁለት ወር በኋላ በምርኩዝ ሲመለስ ደንበኛም ሾፕም አያገኝም።

"ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?"

አምሃ በሩ ላይ ቆሟል። ድምፁ ከፍ ያለ ነው። ሰሞኑን እንዲህ ጮክ ብሎ መናገር አምጥቷል።

"ምን ያስጮህሃል? ገበያ ነው እንዴ?" አለ አሥራት፣ ቆርቆሮዋን በእግሩ ወደ ታንኩ ሥር እየገፋ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ።"

"እሁድ እንዴት ነበር?"

"ደህና። ቤተ ክርስቲያን ስሜ፣ ገብቼ ተኛሁ።"

"ተኛህ?"

"ተኛሁ። ምነው?"

"ምንም። እንቅልፍ ጥሩ ነው።"

አምሃ ቱታውን መልበስ ጀመረ። አሥራት ከጎኑ ሆኖ እጆቹን አያቸው። የሚሸሽግ ሰው እጅ ምን እንደሚመስል ባያውቅም፣ እነዚያ እጆች እንደዚያ መሰሉት።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በኋላ ቤቱን እንደ ራሱ ቤት ነው የሚያደርገው፤ ወንበር ይስባል፣ እግሩን ይዘረጋል። አሥራት በዚያ ሳምንት ለወራት ያላስተዋላቸውን ነገሮች ሁሉ እያወጣ ደረደራቸው። ለምሳሌ የጆሮ መሸፈኛው። አምሃ ከጥቂት ወራት በፊት በአየር መፍቻው ሲሠራ የሚያደርገው ትልቅ የጆሮ መሸፈኛ ገዛ። ለአሥራትም አንድ ጨምሮ አምጥቶ ነበር።

"ያድርጉት ጋሼ፤ ይሄ መፍቻ ጆሮ ይጎዳል" ብሎት ነበር።

"የኔ ጆሮ ከዚህ መፍቻ በፊት ስንቱን ችሏል" ብሎ አሥራት ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አሁን ሲያስበው አምሃ ያን ነገር ያደረገው ሲጠሩት ላለመስማት ሳይሆን አይቀርም። ራሱ የሚጠራውን አይሰማ፣ ለሌላው ይጮኻል። ምን ዓይነት ንቀት ነው?

ረቡዕ ዕለት ደግሞ አንዋር መጣ። አንዋር ከበርባንክ አየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ፣ ከፌርፋክስ ሌላ ቦታ ጎማ የማያስቀይር የቆየ ደንበኛ ነው። አሥራት ከመኪናው በስተጀርባ ዝቅተኛ ዱካው ላይ ተቀምጦ የጎማ ብሎን እያጠበቀ ሳለ፣ ቀና ሲል አንዋርና አምሃ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ቆመው ሲያወሩ አየ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከአፋቸው ግን አንዲት ቃል ወደሱ አልደረሰችም። ሁለት ሰው በአምስት እርምጃ ርቀት እንዲህ የሚንሾካሾከው ለምንድን ነው? አንዋር በጣቱ ወደ ታንኩ አመለከተ። አምሃ ራሱን ነቀነቀና የሆነ ነገር አለ። ከዚያ አንዋር ዘወር ብሎ አሥራትን አየውና ከንፈሩን መጠጠ።

"ምን እየመከራችሁ ነው?" አለ አሥራት።

አምሃ ያንን ከፍ ያለ ድምፁን አወጣ። "ስለ ጎማ ነው ጋሼ።"

"ስለ ጎማ ከሆነ እኔም ጎሚስታ ነኝ።"

አንዋር ሳቀ። "አንተማ የጎሚስታ አባት ነህ፣ ጋሼ አሥራት። ግን ሰው መስማትም ጥሩ ነው። ሶ፣ ልጁ የሚልህን አንዳንዴ ስማው።"

ልጁ የሚልህን ስማው። አሥራት ብሎኑን ከሚገባው በላይ አጠበቀው። ደንበኛውን ወስዶብኛል፣ አሁን ደግሞ ጠበቃ አድርጎ አቁሞብኛል አለ በልቡ።

ሐሙስ የባሰ መጣ። አምሃ ሥራ ሲያበቃ ከታንኩ ሥር ተንበርክኮ ቆየና ተነሳ።

"ጋሼ፣ ያቺን መጋጠሚያ እንቀይራት። ቶራንስ ከመሄድዎ በፊት።"

"የቷን?"

"ታንኩ ላይ ያለችውን። ቱቦው የሚነሳባትን።"

"ምን ሆነች?"

አምሃ አፉን ከፈተ። አሥራትን አየው፤ ዓይኑ ከፊቱ ወደ ጆሮው ሸተት ብሎ ተመለሰ። አፉን ዘጋ። "አርጅታለች" አለ።

"እኔም አርጅቻለሁ። ልትቀይረኝ ነው?"

አሥራት ቀልዶ ነበር። አምሃ ግን አልሳቀም፤ መሬት መሬት አየ። ይህንን ሲናገር ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም። ስለዚያች መጋጠሚያ ከአንድም ሁለት ጊዜ አንስቶ አሥራት ደህና ናት ብሎ ዘግቶት ነበር። አሁን ግን አሥራትን የያዘው መጋጠሚያዋ ሳትሆን "ከመሄድዎ በፊት" የምትለዋ ነገር ናት። ቤቱን በሱ ልክ ሊያሰናዳው ነው፤ እኔ ሳልወጣ የኔን ዕቃ መለወጥ ጀመረ ብሎ አሰበ።

ቅዳሜ አምሃ በግማሽ ቀን ሄደ። አሥራት ወደ ሠናይት ሱቅ ብቅ አለ። ሠናይት ከጎሚስታ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራ፣ የሐበሻ ቀሚስ የምትሰፋ ሴት ናት።

"ነጭ ክር ስጪኝ እስቲ፣ አንድ ክንድ የምታህል።"

"ምን ልትሰፋ ነው፣ ጋሼ አሥራት?"

"ሌባ።"

"ሌባ በክር ነው እንዴ የሚሰፋው?" አለችና እየሳቀች ቆርጣ ሰጠችው።

ያን ዕለት አሥራት እንደ ቅዳሴ ሥርዓት አንዱንም ሳያጓድል ዘጋ። ውኃውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሰ። የአየር መፍቻውን ከቱቦው ነቅሎ በአየር መግቢያው በኩል አራት ጠብታ ዘይት አጠጣው፤ መልሶ ሰክቶ፣ ዘይቱ ሆዱ ውስጥ እንዲዳረስ ለቅጽበት አሽከረከረው፣ ነቀለው፣ በጨርቅ ወልውሎ ቦታው አጋደመው። ቱቦውን ጠቀለለ። ታንኩን ሞልቶ ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። በሩን ከቆለፈ በኋላ ክሩን ከመቆለፊያው እስከ በሩ የጎን ሐዲድ አስሮ፣ ዙሪያውን ገላመጠና ወደ ቤቱ ሄደ።

ሰኞ ሲመጣ ክሩ እንዳለ ነበር። አልተበጠሰም፣ አልላላም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡን ያሳርፍ ነበር። አሥራት ግን በሩን ከፍቶ ሞተሩን በእጁ ሲነካው ይፋጃል። ማፍሰሻውን ሲከፍት ያው ቀይ ውኃ፣ ያው ከግማሽ በላይ። ክሩን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ ትንሽ አሰበና "በጓሮ ነዋ የሚገባው" አለ። ዘዴውን ሳይቀር አደነቀለት።

የጓሮው በር የሚከፈተው ለሁለቱም ሱቆች የጋራ ወደሆነው መተላለፊያ ነው። ሠናይት ሱቋን ስትከፍት ጠብቆ ጠየቃት።

"ትናንት እሁድ እዚህ ነበርሽ?"

"ነበርኩ። የሰርግ ቀሚስ ይዤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ማታ። እንዴ፣ እናንተስ እሁድም አታርፉም? ይነሳል ይጠፋል፣ ይነሳል ይጠፋል፤ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ጥለት ሁሉ ሲርገፈገፍ ዋለ። ያለፈውም እሁድ እንደዚሁ ነበር።"

"አምሃን አየሽው?"

"አምሃን? እኔ ማንንም አላየሁም። ሞተሩን ነው የሰማሁት።"

"በቃ። በቂ ነው።"

"ምኑ ነው በቂው?"

አሥራት ግን ሄዶ ነበር። መሳቢያውን ከፍቶ ነገ የሚፈረመውን ወረቀት አወጣ፤ ላጲስ ፈልጎ የአምሃን ስም አጠፋው። እርሳሱ ቢለቅም ስሙ ወረቀቱ ላይ ተሰርጉዶ ይታያል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ተወው። ያይ እንደሆነ ይየው።

ቀኑን ሙሉ ሠሩ። አሥር መኪና መጣ፣ አሥር መኪና ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና በበሩ በኩል እስከ ታንኩ እግር ድረስ ገብታ ሳለ፣ አምሃ የጆሮ መሸፈኛውን አንገቱ ላይ አውርዶ የዕለቱን መዝጊያ ጀመረ። መጀመሪያ ወደ ማብሪያው ሄደ። ሞተሩ ቀጥ አለ፤ ድንገት ቤቱ ውስጥ የሠራተኛ ትንፋሽ የሚሰማበት ዓይነት ጸጥታ ወረደ።

"እሁድ እሁድ ለማን ነው የምትሠራው?" አለ አሥራት።

አምሃ ዞረ። "የት?"

"እዚሁ። በኔ ኮምፕሬሰር፣ በኔ መፍቻ።"

"እኔ እሁድ እዚህ መጥቼ አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ውኃው ነው የነገረኝ። ሠናይትም ሰምታለች። ሁለት እሁድ ሙሉ። አንተ ስታስተኛኝ ውኃው እያስነሳኝ ነው።" በጣቱ ወደ ጠረጴዛው አመለከተ። "ልጄ ብዬ ነበር ስምህን የጻፍኩት።"

የአምሃ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ወረቀት ሄደ። የተፋቀውን መስመር አየ። ከዚያ ማጠቢያው ጋ ሄዶ ስፖንጁን አነሳ፣ የዕቃ ሳሙና ጨመቀበት፣ ውኃ ነክሮ ጨብጦ ጨብጦ አረፋ አወጣው። ተመልሶ ታንኩ ሥር ተንበረከከና ያቺን መጋጠሚያ ዙሪያዋን ቀባት።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከመጋጠሚያዋ ጎን አንድ አረፋ ብቅ አለ፤ እንደ አተር፣ እንደ ሎሚ፣ ከዚያ ፈነዳ። በቦታው ሌላ አደገ። ሌላ። የፀሐይዋ ጨረር እያንዳንዱ አረፋ ላይ ቀስተ ደመና እየሳለ ያጠፋ ነበር።

አሥራት እያነከሰ ቀረበና ተንበረከከ። ጆሮውን አስጠጋ፣ የሳሙናው እርጥበት ጉንጩን እስኪነካው ድረስ። አረፋው ዓይኑ ሥር ይነፋል፣ ይፈነዳል። ድምፅ ግን የለም። ሁለተኛውን ጆሮ አዞረ። ጭጭ ነው።

በዚህ መሀል ሠናይት መቀሷን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች። "ኧረ በናታችሁ ይሄን ፉጨት አንድ በሉት። ሞተራችሁ በጠፋ ቁጥር ይሄው ነው፤ ግድግዳ አልፎ ጆሮዬን በጠሰው እኮ።"

"የምን ፉጨት?" አለ አሥራት ከመሬት ቀና ብሎ።

"እንዴ፣ ይሄ ነዋ። አሁን የሚያፏጨው። አይሰማህም?"

አሥራት ወደ አረፋው ዞረ። ጉልበቱ ሲሚንቶው ላይ እንዳለ ነገሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱለት፤ ቀን ከሌት በዚህች ስንጥቅ እያለቀ ሞተሩን እሁድ ሙሉ ሲያስነሳ የዋለው አየር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጆሮ መሸፈኛ፣ ረቡዕ ከንፈራቸው ብቻ የተንቀሳቀሰ ሁለት ሰዎች፣ ጮክ ብሎ "እንዴት አደሩ" የሚለው ድምፅ፣ እና ሐሙስ ተከፍቶ የተዘጋው አፍ። አርጅታለች ነበር ያለው። ጋሼ፣ ጆሮዎ አይሰማም ማለት ከብዶት፣ ዕቃዋ አርጅታለች ነበር ያለው።

አምሃ ሳሙናውን በጨርቅ ጠረገ። ማፍሰሻውን ከፍቶ የዕለቱን ውኃ ቆርቆሮዋ ውስጥ አወረደ፤ ታንኩ ባዶ እስኪሆን ጠብቆ ዘጋው። መፍቻው ውስጥ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገ፤ አየር ስለሌለ በእጁ አሽከረከረው፣ ወለወለው፣ አጋደመው። ቱቦውን ሳያጣምም ጠቅልሎ ሰቀለ። ቆርቆሮዋን ወስዶ ማጠቢያው ውስጥ ደፋ፣ አለቀለቃት፣ መለሳት። አንዱንም አላጓደለም።

"አምሃ" አለ አሥራት። የሚቀጥለውን ቃል ፈለገ፤ ለትልቅ ሰው አፍ የሚከብድ ቃል ነበር።

አምሃ ቱታውን አውልቆ አጠፈው። የጆሮ መሸፈኛውን አሥራት ሳያደርገው ከሰቀለው ጎን አንጠለጠለ። ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ የተፋቀው መስመር ላይ በቀስታ አስቀመጠ።

"ምን ሆናችሁ ነው?" አለች ሠናይት።

አምሃ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ትንሽ ጎንበስ አለ፤ በሠናይት በኩል አልፎ ወጣ፤ የመንገዱ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ጠርዙ ላይ ቆሞ ጠብቆ ፌርፋክስን ተሻገረ።